ሐምራዊው ቀለም በምን ፍጥነት ይጠፋል? ሬት ሎው (የፍጥነት ሕግ) ከላቦራቶሪ ሙከራ የሚወጣበት መንገድ

አንዱ ቢከር ውስጥ ደማቅ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ። ሌላው ውስጥ ውሃ የሚመስል ንጹሕ ፈሳሽ። ሁለቱን እኩል ለእኩል ትቀላቅላላችሁ። መጀመሪያ ምንም የተፈጠረ አይመስልም፤ ሐምራዊው ትንሽ ቀጠነ፣ በቃ። አምስት ስድስት ደቂቃ ቆይታችሁ ስታዩት ግን ሳስቷል። ሩብ ሰዓት ሲሞላ የቀረው ፈዛዛ ነገር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ካላያችሁት በቀር ከውሃ አይለይም።

ይህንን ሙከራ ብዙ የኬሚስትሪ ተማሪ ሠርቶታል። ቁጥር ይመዘግባል፣ ሦስት ግራፍ ይስላል፣ ቀጥ ያለውን ይመርጣል፣ ሪፖርቱን ያስገባል። ግራፉ ለምን ሦስት እንደሆነ፣ አንዱ ኬሚካል ለምን ያን ያህል እንዲበዛ እንደተደረገ ሳይገባው የሚወጣው ግን ትንሽ አይደለም። ይህ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም የሙከራው ውበት ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ሐምራዊው ክሪስታል ቫዮሌት ይባላል። ቁስል ላይ የሚቀባው ጄንሺያን ቫዮሌት፣ በተለምዶ ጂቪ የምንለው፣ ዋናው ቀለሙ እሱ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ይፋ ያደረገው የባክቴሪያ ማቅለሚያ ዘዴም በዚሁ ቀለም ነው የሚሠራው። ንጹሑ ፈሳሽ ደግሞ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው።

የክሪስታል ቫዮሌት ሞለኪውል መሀል ላይ አንድ ካርቦን አለ። ከሱ ሦስት ቀለበቶች እንደ ማራገቢያ ክንፍ ወጥተዋል። ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው በመሀሉ ካርቦን በኩል እንደልባቸው ይመላለሳሉ፤ ቀለሙን የሚሰጠው ይህ መንገድ ነው። ሞለኪውሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ሃይድሮክሳይዱ መጥቶ መሀሉ ካርቦን ላይ ሲጣበቅ መንገዱ ይቆረጣል። ክንፎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ግንኙነታቸው ግን ጠፋ። ቀለሙም አብሮ ጠፋ። እያንዳንዱ የጠፋ ሐምራዊ አንድ የተካሄደ ሪአክሽን ነው ማለት ነው፤ ቀለሙን መከታተል ሪአክሽኑን መከታተል የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ጥያቄው ቀለሙ ይጠፋል ወይ አይደለም። ይጠፋል። ጥያቄው ፍጥነቱ በምን ይወሰናል የሚለው ነው። ቀለሙን እጥፍ ባደርገው ሪአክሽኑ እጥፍ ይፈጥናል? አራት እጥፍ? ወይስ ምንም ለውጥ የለም? ሃይድሮክሳይዱንስ?

የፍጥነት ሕግ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሬት ሎው የምንለው፣ ለዚህ የሚሰጥ መልስ ነው። በቃላት ሲጻፍ እንዲህ ነው፦ ፍጥነት ማለት አንድ ቋሚ ቁጥር፣ ሲባዛ የቀለሙ ኮንሰንትሬሽን (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን) በሆነ አርቢ፣ ሲባዛ የሃይድሮክሳይዱ ኮንሰንትሬሽን በሆነ አርቢ። ቋሚውን ቁጥር ኬ እንበለው። አርቢዎቹን ሀ እና ለ እንበላቸው። እነዚህ አርቢዎች ናቸው ኦርደር የሚባሉት። ኦርደሩ 0 ከሆነ ያ ነገር ቢበዛም ቢያንስም ፍጥነቱ ጉዳዬ አይልም። 1 ከሆነ እጥፍ ስናደርገው ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል። 2 ከሆነ እጥፍ ስናደርገው ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የምንፈልገው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሀ፣ ለ እና ኬ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው አንድ አቋራጭ መንገድ ያያል። እኩልታው አንድ ቀለም ከአንድ ሃይድሮክሳይድ ጋር ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሀም ለም 1 ናቸው፣ ምን ያለፋናል? አይሆንም። የተመጣጠነ እኩልታ ስንት ገባ ስንት ወጣ እንጂ በምን መንገድ አለፈ አይነግረንም። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድን ውሰዱ። እኩልታቸው አንድ ለአንድ ነው። ከ225 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ግን ፍጥነታቸው በናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ስኩዌር ይሄዳል፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ኦርደር ደግሞ 0 ነው። ከወረቀት ላይ ተነስቶ ይህንን የሚገምት ሰው የለም። ኦርደር ይለካል እንጂ አይነበብም።

እሺ፣ እንለካ። ችግሩ ሪአክሽኑ ሲካሄድ ሁለቱም ኬሚካሎች አብረው ማነሳቸው ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቀለሙ ስላነሰ ነው ወይስ ሃይድሮክሳይዱ ስላነሰ? ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ የማንን እንደሰማን አናውቅም። አንዱን ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል።

ዝም የሚሰኘው ደግሞ በማብዛት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ግራ የገባኝ ይህ ነበር፤ ሰው ዝም እንዲል የሚፈልገውን ነገር ይቀንሳል እንጂ ያበዛል? ቁጥሩን ስታዩት ግን ይገባል። ከተቀላቀለ በኋላ ቀለሙ በሊትር 0.00001 ሞል (ሞል ኬሚስቶች የሞለኪውል ብዛት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) ነው እንበል። ሃይድሮክሳይዱ 0.01 ሞል። ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ቀለሙ አንድ ሳይቀር ቢያልቅ እንኳ ከሃይድሮክሳይዱ የሚወሰደው 0.00001 ብቻ ነው፤ 0.01 የነበረው 0.00999 ይሆናል። ከመቶ 0.1። ከባሕር በጭልፋ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ በአንድ ሙከራ ውስጥ ሃይድሮክሳይዱ አልተነካም ብለን ብንወስድ ምንም አልዋሸንም። አርቢው ምንም ይሁን ምን እሱ ያለበት ክፍል በሙሉ ቋሚ ቁጥር ሆነ። ከኬ ጋር አንድ ላይ እንጠቅልለውና ጊዜያዊ ቋሚ እንበለው። የቀረው ተናጋሪ ቀለሙ ብቻ ነው። ኬሚስቶች ይህንን የማግለል ዘዴ ይሉታል፤ ከቪልሄልም ኦስትቫልድ ስም ጋር ተያይዞ ነው የሚነሳው። በዚህ መንገድ አንደኛ ኦርደር መስሎ የሚታየውን ሪአክሽን ደግሞ ሱዶ ፈርስት ኦርደር ይሉታል።

ቀለሙን እንዴት እንስማው? በብርሃን። ሐምራዊ የሆነው ቢጫውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ስለዚህ ስፔክትሮፎቶሜትሩን፣ ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካውን መሣሪያ፣ 590 ናኖ ሜትር አካባቢ እናደርገዋለን፤ ክሪስታል ቫዮሌት አብዝቶ የሚውጠው እዚያ ላይ ነው። መሣሪያው አብዞርባንስ የሚባል ቁጥር ይሰጣል። 1 ካለ ከገባው ብርሃን አንድ አሥረኛው ብቻ አልፏል፣ 2 ካለ አንድ መቶኛው። ዋናው ነገር ፈሳሹ ቀጭን እስከሆነ ድረስ አብዞርባንሱ ከኮንሰንትሬሽኑ ጋር እኩል መሄዱ ነው። ግማሽ ሲሆን ግማሽ።

በነገራችን ላይ ይህ የብርሃን ብልሃት አዲስ አይደለም። ሉድቪግ ቪልሄልሚ እ.ኤ.አ. በ1850 ስኳር በአሲድ ውስጥ ሲሰባበር የሚፈጅበትን ጊዜ የለካው ብርሃን ስኳሩን ሲያልፍ የንዝረቱ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚዞር እያየ ነበር። የሪአክሽን ፍጥነት በቀመር ተጽፎ የወጣው ከዚያ ሥራ ነው። ፈሳሹን ሳይነኩ፣ ሳይቀዱ፣ ሪአክሽኑ እየተካሄደ መለካት። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው።

ቁጥር እናስቀምጥ። ለስሌት እንዲመች እኔ ያዘጋጀሁት ነው፣ የእናንተ የተለየ ይሆናል። መነሻ ላይ አብዞርባንስ 0.800። በ347 ሰከንድ 0.400። በ693 ሰከንድ 0.200። በ1040 ሰከንድ 0.100። ገና ግራፍ ሳትስሉ አንድ ነገር አያችሁ? ከ0.800 ወደ 0.400 ለመውረድ የፈጀው ጊዜና ከ0.200 ወደ 0.100 ለመውረድ የፈጀው ጊዜ አንድ ነው። ብዙም ይኑር ትንሽ፣ ግማሹ ለመጥፋት ያው 347 ሰከንድ ይፈልጋል። ይህ የአንደኛ ኦርደር መለያው ነው። ኦርደሩ 0 ቢሆን ኖሮ የግማሽ ጊዜው እያጠረ ይሄድ ነበር፣ 2 ቢሆን ደግሞ እያንዳንዱ ግማሽ ካለፈው እጥፍ ጊዜ ይወስድ ነበር።

ሦስቱ ግራፎች ይህንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። አብዞርባንሱን ራሱን ከጊዜ ጋር ስናስቀምጥ ቀጥ ካለ ኦርደሩ 0 ነው። የአብዞርባንሱ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ቀጥ ካለ 1 ነው። አንድ ሲካፈል ለአብዞርባንሱ ቀጥ ካለ 2 ነው። በእኛ ቁጥር ሎጋሪዝሙ ከኔጌቲቭ 0.223 ወደ ኔጌቲቭ 0.916፣ ከዚያ ኔጌቲቭ 1.609፣ ከዚያ ኔጌቲቭ 2.303 ይሄዳል። ሁልጊዜ በ0.693 ነው የሚወርደው፤ ቀጥ ያለ መስመር። ሦስተኛው ግራፍ ግን 1.25፣ 2.5፣ 5፣ 10 እያለ ወደ ላይ ይተኮሳል። መጀመሪያው ደግሞ ሆዱ ወደ ታች የተቀለሰ ኩርባ ነው። ሀ 1 ነው።

የሎጋሪዝሙ መስመር ስሎፕ (ተዳፋቱ) ኔጌቲቭ ምልክቱ ሲነሳለት ጊዜያዊ ቋሚውን ይሰጠናል፤ በሰከንድ 0.002። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ነገር እዚህ አለ። እስካሁን የቀለሙን ትክክለኛ ኮንሰንትሬሽን አልተጠቀምንም። አላስፈለገንምም። አብዞርባንሱን ወደ ኮንሰንትሬሽን ለመቀየር በአንድ ቁጥር ብናካፍለው፣ ሎጋሪዝም ውስጥ ሲገባ መስመሩን በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንሸራትተዋል እንጂ ስሎፑን አይነካውም። ጊዜውም እንደዚያው ነው። ከቀላቀላችሁ በኋላ ኩቬቱን፣ ፈሳሹ የሚለካበትን ትንሽ ግልጽ ዕቃ፣ ጠርጋችሁ መሣሪያው ውስጥ እስክታስገቡ 20 ሰከንድ ቢያልፍ ስሎፑ ያው ነው። ለዚህ ነው ተማሪ እጁ እየተንቀጠቀጠ በሩጫ እንዲያስገባ የሚያስጨንቀው ነገር የሌለው። ተረጋጉ፣ በደንብ ቀላቅሉ፣ የኩቬቱን ግልጽ ጎን በጣት አትንኩ፣ ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው በሱ ነው። ሰዓቱ አለቀና ሙከራውን 100 ሰከንድ ላይ አቆማችሁ እንበል። መነሻው 0.800፣ በ50 ሰከንድ 0.724፣ በ100 ሰከንድ 0.655። ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ መስመር ብታገናኙ መሀሉ 0.7275 ላይ ይውላል። ከ0.724 ጋር ያለው ልዩነት 0.0035 ነው፤ መሣሪያው ራሱ የሚንቀጠቀጠው ያን ያህል ሊሆን ይችላል። ማለትም ኦርደር 0 ነው ብትሉም ግራፉ ቀጥ ብሎ ይታያችኋል። 1 ብትሉም ቀጥ ይላል። 2 ብትሉም ቀጥ ያለ ይመስላል። ማንኛውም ኩርባ አጭር ቁራጩ ብቻ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ሦስቱን ለመለየት ቢያንስ ሁለት ሦስት የግማሽ ጊዜ መጠበቅ ግዴታ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ብዙ መጠበቅም ችግር አለው። መሣሪያው በ0.005 ወዲህ ወዲያ ይላል እንበል። አብዞርባንሱ 1 አካባቢ ሲሆን ይህ ሎጋሪዝሙን በ0.005 ብቻ ነው የሚያናጋው። አብዞርባንሱ 0.02 ሲደርስ ግን ያችው 0.005 ሎጋሪዝሙን በ0.25 አካባቢ ትወረውረዋለች። የግራፉ ጭራ ላይ ነጥቦቹ እንደተበተነ ጥሬ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ሪአክሽኑ ባሕሪውን ቀይሮ አይደለም። እነዚያን ነጥቦች ማውጣት ማጭበርበር አይደለም፤ የት ጋ እንደቆረጣችሁና ለምን እንደቆረጣችሁ ግን ጻፉ። መጨረሻ ላይ አብዞርባንሱ ዜሮ ሳይደርስ ለምሳሌ 0.015 ላይ ቆሞ ከቀረም ያንን ከሁሉም ንባብ ላይ ቀንሱ፣ አለበለዚያ ቀጥ ያለው መስመር ጭራው ላይ ይጎብጣል። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የኩቬቱ ግድግዳ ነው፤ ክሪስታል ቫዮሌት ብርጭቆም ፕላስቲክም ላይ መጣበቅ ይወዳል። ጣትም ላይ፣ ልብስም ላይ። ጓንት አድርጉ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ስላለ መነጽርም አትርሱ።

አሁን ተራው የሃይድሮክሳይዱ ነው። አንድ ሙከራ ውስጥ ዝም አሰኝተነዋል፣ ስለዚህ የሚናገረው በሁለት ሙከራዎች መካከል ነው። ሁሉንም እንዳለ ትተን ሃይድሮክሳይዱን ብቻ 0.02 እናደርገዋለን። እንደገና አብዞርባንስ፣ እንደገና ሎጋሪዝም፣ እንደገና ስሎፕ። ጊዜያዊ ቋሚው 0.002 ሆኖ ቢቀር ለ 0 ነበር። 0.008 ቢሆን ለ 2 ነበር። 0.004 ሆነ። እጥፍ አደረግነው፣ እጥፍ ሆነ። ለ 1 ነው።

እውነተኛው ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ልክ እጥፍ አይመጣም። 1.9 እጥፍ ይመጣና ስሌቱ ለ 0.93 ነው ይላል። ተማሪው የልኬት ስህተት ብሎ ያልፈዋል። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስትጨምሩ አየኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ እየጨመራችሁ ነው። ቀለሙ ፖዘቲቭ፣ ሃይድሮክሳይዱ ኔጌቲቭ ስለሆኑ ይሳሳባሉ፤ በዙሪያቸው ሌላ አየን ሲበዛ ግን ያ መሳሳብ ይጋረዳል፣ ሪአክሽኑም ይዘገያል። ስለዚህ ሁለተኛው ሙከራ በአንድ በኩል እየፈጠነ በሌላ በኩል እየተጎተተ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለቱም ሙከራ አጠቃላይ የአየኑን መጠን እኩል ማድረግ። መጀመሪያው ላይ 0.01 ሃይድሮክሳይድ ካለ 0.01 ሶዲየም ክሎራይድ ጨምሩበት፤ ሁለተኛው ላይ 0.02 ሃይድሮክሳይድ ብቻውን ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ ለማለት መብት የሚኖራችሁ ያኔ ነው።

ሙቀትም እንደዚያው። ብዙ ሪአክሽን በ10 ዲግሪ ልዩነት ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ብትሠሩ ልዩነቱን የፈጠረው ሃይድሮክሳይዱ ይሁን ክፍሉ መሞቁ አይታወቅም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑ ይቀራል።

የቀረን ኬ ነው። 0.002 ሲካፈል ለ0.01፣ 0.2። ሁለተኛውም 0.004 ሲካፈል ለ0.02፣ 0.2። መለኪያው ሊትር በሞል በሰከንድ ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸው ደስ ይላል፣ ግን እዚህ ጋ የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሠራው ኬን ያሰላሁት ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ኮንሰንትሬሽን ነበር። ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ለእኩል ሲቀላቀሉ ሁለቱም በግማሽ እንደሚቀጥኑ አላሰብኩም። 0.02 የሚለው ጠርሙስ ኩቬቱ ውስጥ 0.01 ነው። ስለዚህ 0.2 መሆን የነበረበት 0.1 ሆነብኝ። ይህ ስህተት የሚያታልለው ሌላው ነገር ሁሉ ትክክል ሆኖ ስለሚታይ ነው። ሁለቱ ሙከራዎች በእኩል ስለቀጠኑ ጥምርታቸው አልተነካም፤ ሀ 1፣ ለ 1፣ ሁለቱ ኬዎችም እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ኬ ብቻ በግማሽ ተሳስቷል፣ እሱን የሚያጋልጥ አንድም ነገር ከዳታው ውስጥ የለም። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ከተቀላቀለ በኋላ ያለውን ኮንሰንትሬሽን ነው።

ሁለት ነጥብ ሁልጊዜ በቀጥታ መስመር ይገናኛል፣ ስለዚህ በሁለት ሙከራ ብቻ ለን 1 ማለት ድፍረት ነው። ሦስተኛ ጨምሩ። እዚህ ላይ ደግሞ ግምቱን ቀድማችሁ ጻፉ። ሃይድሮክሳይድ 0.015፣ ሶዲየም ክሎራይድ 0.005፣ ቀለሙ እንደነበረው። ሕጉ እውነት ከሆነ ጊዜያዊ ቋሚው 0.2 ሲባዛ በ0.015፣ ማለትም በሰከንድ 0.003 ነው። የግማሽ ጊዜውን ለማግኘት 0.693ን፣ ግማሹ ሲጠፋ ሎጋሪዝሙ የሚወርድበትን ቁጥር፣ ለሱ ስናካፍል 231 ሰከንድ፤ 3 ደቂቃ ከ51። ይህንን ደብተሩ ላይ አስፍሩ፣ ቀላቅሉ፣ ኩቬቱን አስገቡ። 0.800 ላይ ሰዓቱን አስጀምሩ፣ 0.400 ሲያነብ አቁሙ። 3 ደቂቃ ከ45 ወይም ከ57 ቢል ሕጉ ይዟል። 5 ደቂቃ ካለ ግን ደብተሩን ወደ ኋላ መግለጥ ነው፤ ከኮንሰንትሬሽኑ ጀምሩ።